የክብሮም ስልክ የሞላ ዕለት

አንድ እሑድ ጠዋት መቐለ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ስልኬ ላይ የወጣችውን አንዲት መስመር አነባለሁ። «ወደ ስልክዎ የላክነውን ኮድ ያስገቡ» ትላለች። ጨዋ ናት፤ «እባክዎ»ም ጨምራበታለች። ችግሩ፣ «ስልክዎ» የተባለው ስልክ የእኔ አይደለም። የወንድሜ ነው። ወንድሜ የት እንዳለ አናውቅም። ስልኩ ያለው እናቴ አንገት ላይ ነው፤ እናቴ ደግሞ እንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ንግሥ ላይ ናት።

እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እንዴት እንደገባሁ ካላስረዳኋችሁ ሞኝ እመስላችኋለሁ። ካስረዳሁም በኋላ ልመስላችሁ እችላለሁ፤ ቢሆንም ልንገራችሁ።

ፍረወይኒ እባላለሁ። ከመቐለ ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ አማርኛ አስተምራለሁ። አባቴ የደሴ ሰው ነበር። ለሥራ መቐለ መጥቶ እናቴን አገባና እዚሁ ኖሮ እዚሁ ዐረፈ። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ሁለት ቋንቋ አለ፤ እናቴ በአማርኛ ትጀምርና ስትናደድ በትግርኛ ትጨርሳለች። እኔ በጠባዬ ችኩልና ቁጡ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ክብሮም ግን ቀልደኛ፣ ኳስ ሲባል ምሳውን ትቶ የሚሮጥ፣ እናቱን በሳቅ የሚያፈርሳት ልጅ ነው። በዚህ ቤት ስለ እሱ የሚወራው እንዲህ ነው፤ እንዳለ ተደርጎ።

ጦርነቱ ሲመጣ ክብሮም ሄደ። ሲሄድ ያቺን ባለቁልፍ ትንሽ ስልኩን ከነሲሟ ለእናቴ ሰጣት። «አደይ፣ በሰው ስልክም ቢሆን እደውልልሻለሁ፤ እንዳታጠፊው» አላት። አደይ እናቴ ማለት ነው፤ ሁለታችንም የምንጠራት እንደዚያ ነው። ከዚያ መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ። ብዙ ቆይቶ ኔትወርክ ሲመለስ የእኔ ሲም ተዘግቶ ጠበቀኝ፤ የእሱ ግን ሠራ። እናቴ እንደ ምልክት ቆጠረችው። ቀጥሎ በየጎረቤቱ ቤት መርዶ ገባ። የእኛን በር ግን ማንም አላንኳኳም። መርዶም አልመጣ፣ ክብሮምም አልመጣ።

እናቴ ለስልኩ የጨርቅ ኪስ ሰፍታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ስትተኛም አታወልቀውም። ሲደወል የማንም ቁጥር ይሁን የምትመልሰው በአንድ ቃል ነው፦ «ወደይ?» ልጄ ነህ ወይ ማለቷ ነው። በዚህ ምክንያት እዚያ ስልክ ላይ መደወል እፈራለሁ። «ወደይ?» ትላለች። «እኔ ነኝ፣ አደይ» እላለሁ። ትንሽ ዝም ትልና «አሃ፣ አንቺ ነሽ» ትላለች። ያቺን ዝምታ ላለመስማት ስንት ጊዜ ከትምህርት ቤት ቤት ድረስ በእግሬ ተመላልሻለሁ።

የጽሑፍ መልእክት ሲመጣ ደግሞ ስልኩ ጢ ጢ ይላል። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፤ ከዚያ በቃ። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ለሰውም አታስነብብም። አንድ ቀን ልከፍትላት ስሞክር እጄን መታችኝ። «ይቀመጥ!» አለች። ግትርነት ነው ብዬ ተውኳት። መቼስ ማስታወቂያ ነው፣ ከማስታወቂያ ጋር ምን አጣላኝ ብዬ ረሳሁት።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ያ ሥልጠና የመጣው። ድሮ ቢሆን መምህር የሚሠለጥነው ክረምት ላይ ተሰብስቦ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ከኋላ ወንበር እያንቀላፋ ነው። አሁን ግን ሁሉም በስልክ ይሁን ተባለ። ትምህርቱ በስልክ፣ ጥያቄው በስልክ፣ ፈተናው በስልክ። ፈተናውን ያላለፈ መምህር በሚቀጥለው ዓመት ክፍል አይገባም ተባለ። ይህን ሲነግሩን ሁላችንም ሳቅን፤ ቀልድ አለመሆኑ ሲገባን ሳቁ ቆመ። እኔና እናቴ የምንኖረው በእኔ ደመወዝ ነው፤ ሌላ የሚገባልን ነገር የለም።

በምዝገባው ቀን አሠልጣኙ «ሁሉም ሰው የሚሠራ ስልክ ቁጥር ይስጥ» አለ። በቤታችን የሚሠራው ቁጥር የክብሮም ነበር፤ እሱን ሰጠሁ። መቐለ ውስጥ እንደዚህ ያላደረገ ቤተሰብ ካለ እጁን ያውጣ። የባል በሚስት፣ የልጅ በጎረቤት ስንመዘገብ ነው የከረምነው። ብዙም ሳይቆይ ለራሴ አዲስ ሲም አወጣሁ፤ መተግበሪያው ግን «ቁጥር መቀየር አይቻልም» ብሎ ድርቅ አለ። በመጀመሪያው ቀን የመጣውን ኮድ እናቴ ላዬ ላይ ቆማ እየተቆጣጠረችኝ፣ እሱን ብቻ ከፍቼ አነበብኩ። ከዚያ በኋላ መተግበሪያው በራሴ ስልክ ላይ ክፍት ሆኖ ስለቀረ የክብሮምን ስልክ የምፈልግበት ምክንያት አልነበረም።

ትምህርቱን የምናነበው በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ሥር ቆመን ነው፤ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። ጡረታ የተቃረቡት መምህራን ሳይቀሩ ስልካቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ሲቆሙ ተማሪዎቹ «መምህራኑ ጸሎት ላይ ናቸው» እያሉ ይስቁብናል። ባልደረባዬ ለምለም ደግሞ ትነጫነጫለች። «ትምህርቱ ይቅርና በየጊዜው የሚልኩት ማሳሰቢያ ነው የሰለቸኝ! ይኼን ጨርሺ፣ ያንን አልጨረስሽም፤ ባል እንኳ እንዲህ አይጨቀጭቅም» ትላለች። እኔ ማሳሰቢያ ደርሶኝ አያውቅም። ጎበዝ ስለሆንኩ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ፈተናው እሑድ ሆነ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይከፈታል፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ መጀመር ግን አይቻልም። ቅዳሜ ማምሻውን ለምለም ደውላ «ለጥንቃቄ ሲባል ሁላችንንም ያስወጡናል አሉ፤ እንደገና ኮድ ይላካል» ስትለኝ እናቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አደይ፣ ለነገ ጠዋት ብቻ ስልኩን ስጪኝ።»

«አይሆንም። ቁጥሩን ሰጥቼሻለሁ፤ ስልኩ ግን ከእኔ አይለይም። እኔ ነገ ንግሥ እሄዳለሁ፣ ስልኩም ከእኔ ጋር ይሄዳል።»

«ለፈተና እኮ ነው! ለእንጀራችን ነው።»

«ለምንድን ነው እንደ ሰው በወረቀት የማትፈተኚው?»

«አሁን ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል፣ አደይ! ሁሉም ነገር!» አልኳት ጮክ ብዬ።

ይህን ስላት ፊቷ ልውጥ አለ። ስልኩን በኪሱ ላይ ጨብጣ ወደ ጓዳ ገባች። በኋላ ላይ እሷው መጥታ ታረቀችኝ። እሷ ቤተ ክርስቲያን እያለች ኮዱ እንደተላከ እኔ እደውላለሁ፣ እሷም አጠገቧ ላለ ማንበብ ለሚችል ሰው ሰጥታ ያቺን አንዷን ብቻ ታስነብባለች፤ እንዲህ ተስማማን። ያኔ ጥሩ ዕቅድ መስሎኝ ነበር።

ቁሓ እሑድ ጠዋት ኔትወርክ እንቢ ስላለ ነው ከለምለም ጋር ሮማናት ድረስ የወረድነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ለምለም ኮዷን አስገብታ ወዲያው ገባች። እኔ «ኮድ ላክ» የሚለውን ነካሁና ለእናቴ ደወልኩ። ከበሮውና እልልታው ጆሮዬን ሞላው።

«ወደይ?»

«እኔ ነኝ፣ አደይ።»

ያቺ ዝምታ። «አሃ፣ አንቺ ነሽ።»

«ጢ ጢ አለ?»

«አይፋል። ምንም አላለም።»

አይፋል ማለት የለም ማለት ነው። ከበሮው አላሰማትም ብዬ ስልኩን በእጇ ይዛ እንድትጠብቅ ነገርኳትና እንደገና ኮድ አስላክሁ። እንደገና ደወልኩ። «እጄ ላይ ነው ያለው፤ ድምፅም ንዝረትም የለም» አለች። ሦስተኛ፣ አራተኛ ሞከርኩ። ከዚያ ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ «ብዙ ጊዜ ሞክረዋል። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ይሞክሩ።»

ለምለም ዐይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ፍረ፣ ምንድን ነው?» አለችኝ። ከገጹ ከወጣች ፈተናዋ ስለሚዘጋ ቀና እንኳ ማለት አትችልም።

«ኮዱ እንቢ አለ።»

«ምን ትጠብቂያለሽ ታዲያ? ሂጂ እናትሽ ጋ! ሩጪ!»

ሮጥኩ። ያገኘሁት ባጃጅ ነጂ «ሓፍተይ፣ ዛሬ ንግሥ ነው፤ እስከ ላይ አያስገቡንም» አለ። እህቴ ማለቱ ነው፤ የመቐለ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ወንድማችን ነው። እስከምትችልበት ሂድ አልኩት። በየመንገዱ ነጠላ የለበሰ ሰው ይጎርፋል። ነጂው ጡሩምባ አይነፋም፣ አይቸኩልም፣ እንደውም ከአንዲት አሮጊት ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ጥፍሬን እበላለሁ። ብወድቅ ለእናቴ ምን እላታለሁ? ርእሰ መምህሩ ፊት ቆሜ «ስልኩ የወንድሜ ነው» ብል ማን ያምነኛል? «ወንድምሽስ የት አለ?» ቢለኝስ?

ዳገቱ ሥር ወረድኩና በእግሬ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የወጡ ተማሪዎች እየሣቁ ይወርዳሉ። ከላይ ስደርስ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ዙሪያውን ሞልቶታል። ሴቱ ሁሉ ነጠላ አጣፍቷል፤ ሁሉም እናቴን ይመስላል። ሁለት ሴት ትከሻ ነካሁ፤ ሁለቱም ዞረው ሌላ ሰው ሆኑ። አማራጭ አጣሁና ደወልኩ።

ያን ጊዜ አየኋት። አንድ የጽድ ዛፍ ሥር ቆማለች። ስልኩን አንሥታ ጆሮዋ ላይ ስታደርግ አየኋት፤ ቃሉን በጆሮዬ ከመስማቴ በፊት ከከንፈሯ አነበብኩት። «ወደይ?»

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ፊቷን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ፊቷ በራ፤ ዐይኗ ተከፈተ፤ ዕድሜዋ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ልጁን በር ላይ ያገኘ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ እኔ «እኔ ነኝ፣ አደይ» አልኩ፤ ያ ብርሃን እያየሁት ጠፋ። «አሃ፣ አንቺ ነሽ።»

ቆሜ ቀረሁ። ፈተናውን ለትንሽ ጊዜ ረሳሁት።

አጠገቧ ስደርስ ደነገጠች። «እንታይ ኮይንኪ? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያላበሽ?» ስልኩን ልየው ብዬ ተቀበልኳት፤ እሷም የኪሱን ገመድ ከአንገቷ ሳታወልቅ ጎንበስ አለችልኝ። ጥግ ላይ ትንሽ የፖስታ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች። ከሥሯ በእንግሊዝኛ «ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ አለ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ስልኩ ሞልቷል። ከዚያ ሁሉ ጊዜ ጀምሮ የመጣ መልእክት አንድም ሳይከፈት፣ አንድም ሳይጠፋ ተከምሮ የእኔ ኮድ የሚገባበት ቦታ አጥቷል።

«አደይ፣ ሞልቷል። ጥቂት መልእክት ማጥፋት አለብኝ።»

እጄን ያዘችኝ። «የሚጠፋ ነገር የለም።»

«ማስታወቂያ እኮ ነው!»

«በምን ዐወቅሽ? ከፍተሽዋል?»

«መቼ አስከፈትሽኝና!»

«እንግዲያው አታውቂም» አለች። ቀጥላ፣ ሰው እንዳይሰማት ወደ እኔ ተጠግታ፣ «መርዶ ቢኖርበትስ?» አለችኝ።

እኔ ግትርነት ያልኩት ይህ ነበር። ክብሮም ሊደውል ይችላል ብላ ስልኩን አታጠፋም፤ መርዶ ሊሆን ይችላል ብላ መልእክቱን አታስከፍትም።

«አደይ፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች በማለዳ ይመጣሉ፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ አንቺም ታውቂያለሽ። በጽሑፍ የሚልክ ማን አለ?»

«ዘመኑ ተለውጧል» አለች። «ትምህርት በስልክ ከሆነ፣ ፈተና በስልክ ከሆነ፣ መርዶስ በስልክ የማይሆነው ለምንድን ነው? አንቺው አይደለሽም ትናንት ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል ያልሽኝ?»

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ሰዓት እየቀረበ ነው። ስልኩን ቀምቼ ልከፍተው እችል ነበር፤ እጄ ላይ ነው ያለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አስቤዋለሁም። ግን ያ ፊት ከፊቴ አልሄድ አለ። ስልኩን ኪሱ ውስጥ መለስኩላት።

«ይቅር፣ አደይ። ሌላ ሥራ አይጠፋም» አልኩና ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ሥራ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። እንባዬ መጣ፤ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ብታልፊ ምን ትሆኛለሽ?»

«የሆንኩትን። አስተምራለሁ።»

«ካላለፍሽስ?»

«አላውቅም፣ አደይ።»

ታቦቱ እየዞረ ነበር፤ እልልታው ቀለጠ። እናቴ አማተበች፤ ገመዱን በራሷ ላይ አሾልካ ከአንገቷ አወለቀችው። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ አንገቷን ባዶ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«አንብቢ» አለች። «እኔ ዐይኔን እጨፍናለሁ። ደኅና ከሆነ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። መጥፎ ከሆነ ዝም በይ፤ ይገባኛል።»

አሁን በተራዬ እኔ ፈራሁ። እሷ እስክትናገረው ድረስ መርዶ ይኖራል ብዬ ለአንዲት ደቂቃ አስቤ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ከፈትኩ።

«የኢንተርኔት ጥቅል ይግዙ ይላል፣ አደይ።»

«ቀጥዪ።»

«መልካም በዓል ይላል። ከቴሌ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጣቸው። ቀጥዪ።»

አነበብኩ። እያንዳንዱን ከመክፈቴ በፊት ትንፋሼን እይዛለሁ፤ እሷም ትይዛለች። ጥቅል፣ በዓል፣ ቀሪ ሒሳብ። አነባለሁ፣ አጠፋለሁ። እጇ ጉልበቴን ጭምድድ አድርጎ ይዞታል። ቀጣዩን ከፈትኩና ዝም አልኩ።

ዝም ማለቴን ያወቅሁት እሷ ስትጮህ ነው። «ለምን ዝም አልሽ? ፍረ! ለምን ዝም አልሽ?»

«አይደለም! አይደለም፣ አደይ! መጥፎ አይደለም። ስሜ ነው። የእኔ ስም ነው ያለበት።»

«ስምሽ?»

«ውድ ፍረወይኒ፣ ሁለተኛውን ክፍል በጥሩ ውጤት ጨርሰዋል። ይላል።»

ዐይኗን ገለጠች። ቀጣዩንም ከፈትኩ። ውድ ፍረወይኒ፣ ሦስተኛው ክፍል እየጠበቀዎት ነው። ውድ ፍረወይኒ፣ በርቱ። ውድ ፍረወይኒ፣ ዛሬ አልገቡም። ለምለም የምትማረርባቸው ማሳሰቢያዎች ሁሉ፣ ለእኔ አልደረሱም ያልኳቸው፣ እዚህ እናቴ ደረት ላይ ተከማችተው ኖረዋል። ለካ ስታነባ፣ ስትጸልይ፣ ሌሊት ስትነሣ ያሳለፈችው በእኔ የቤት ሥራ ነው።

«ይኼ ሁሉ አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ አደይ» አልኳት። በስልክ እንደምላት ነው ያልኳት።

ያቺን ዝምታ ጠበቅሁ። እሷ ግን ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። ከቤት ወጥታ ስትገባ የምታያት ልጇን ሳይሆን ከሩቅ የመጣ ሰው እንደምታይ አድርጋ አየችኝ። «ይህን ያህል ስትማሪ አንድ ቀን እንኳ ምን ተማርሽ ብዬ አልጠየቅሁሽም» አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ በቁጣ ጨረሰችው። «ሕጂ ተንሥኢ! ተነሽ አሁን፣ ሰዓቱ አይሄድብሽም እንዴ?»

ያልተከፈቱት መርዶ ሳይገኝባቸው አለቁ፤ ከታች ጥቂት አሮጌ መልእክቶች ነበሩ፤ ክብሮም ራሱ ከፍቶ ያነበባቸው፣ ከጦርነቱ በፊት የመጡ። አንዱን ብቻ አነበብኩላት። ከጓደኛው ነው። «ዛሬ ኳስ አለ፤ ጫማዬን ይዘህልኝ ና» ይላል። እናቴ ሳቀች። እዚያ ግንብ ሥር፣ በዚያ ሰዓት፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ያ ጫማ ዛሬም ከአልጋው ሥር አለ! የእሱ መስሎኝ ስጠርገው!» እነዚያን አልነካኋቸውም።

ቦታ ሲገኝ ስልኩ በአንድ ጊዜ ይንጫጫ ጀመር። ጢ ጢ፣ ጢ ጢ። ተዘግቶባቸው ደጅ የቆሙት መልእክቶች ሁሉ «ውድ ፍረወይኒ» እያሉ ተከታትለው ገቡ። ጠዋት ያስላክኋቸው አራት ኮዶችም ከነሱ ጋር መጡ፤ ጊዜያቸው ያለፈባቸው። አንዱን አስገባሁ፤ «የተሳሳተ» አለኝ። ቀዩ ጽሑፍ ተመልሶ ቢቆልፍብኝ ጉዴ ነው። እናቴ «ተረጋጊ፣ ጓለይ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው፤ እኔን ስትል። አዲስ ኮድ ጠየቅሁ። ጠበቅን። ለአምስት ሰዓት የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጢ ጢ።

እናቴ በሁለት እጇ ይዛ አቀበለችኝ። ቁጥሮቹን አስገባሁ። ፈተናው ተከፈተ።

ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ስለሆነ ነው መሰለኝ ኔትወርኩ ደግ ነበር። ፀሐዩ ግን ስክሪኑን አላሳይ ስላለ እናቴ ጃንጥላዋን ዘርግታ አናቴ ላይ ቆመች። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመች። እጇ ሲዝል ወደ ሌላው እጇ ታዞረዋለች። የሚያውቋት ሴቶች ሰላም ሊሏት ሲመጡ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ጸጥ! ፈተና ላይ ነች!» ትላቸዋለች። ሴቶቹም ድምፃቸውን ቀንሰው ጥላውን እያዩ ያልፋሉ። እኔ ጥያቄውን አነባለሁ፣ የስልኬ ባትሪ ሲወርድ አያለሁ፣ ላቤ ስክሪኑ ላይ ይንጠባጠባል፣ በነጠላዬ እጠርጋለሁ። መጨረሻ ላይ «አስረክብ» የሚለውን ስነካ ያቺ ክብ ምልክት ትዞር ጀመር። ዞረች፣ ዞረች። ባትሪዬ ቀይ ሆነ። ከዚያ ስልኬ ጠፋ።

ጠፋ። ጥቁር።

«ምን ሆነ?» አለች እናቴ።

«አላውቅም። ይድረስ አይድረስ አላውቅም።»

ታቦቱ ሲገባ ሰዉ ሁሉ ተንበረከከ፤ እኛም ተንበረከክን። ስንነሣ የክብሮም ስልክ ጢ ጢ አለ። የእናቴ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ደረቷ ሄደ። ከዚያ ያላደረገችውን አደረገች። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንብቢው» አለች። ዐይኗን አልጨፈነችም።

«ውድ ፍረወይኒ፣ ፈተናዎ ደርሶናል። ይላል፣ አደይ።»

ውጤቱ ሲመጣ አልፌአለሁ፤ ለጥቂት ነው፣ ግን አልፌአለሁ። አሁንም እዚያው ታንከር ሥር ቆሜ ኔትወርክ እለምናለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባትም በስልካችሁ እያነባችሁት ነው። በስልክ መማርን አልጠላም፤ እኔን አስተምሮኛል። ግን በእኛ ከተማ ስልክ ከመማሪያነቱ በፊት ሌላ ነገር ነበር፤ ሰው የሚጠበቅበት በር ነበር። «የሚሠራ ቁጥር ስጡ» ሲባል የሰጠነው የሚሠራውን ሁሉ ነው፤ የምንጠብቅበትንም ጭምር። ዛሬ በትምህርት ቤታችን አዲስ ሥልጠና ሲመጣ መዝጋቢዋ እኔ ነኝ። ቁጥር ከመቀበሌ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «በዚህ ስልክ ላይ የሚጠበቅ ሌላ ሰው አለ?» አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ዝም ይላል፤ ዝም ላለው ሌላ ቁጥር አብረን እንፈልጋለን።

ሌላው የተለወጠው እቤት ውስጥ ነው። አሁን ለእናቴ በየቀኑ በእረፍት ሰዓት እደውላለሁ። አሁንም «ወደይ?» ነው የምትለው፤ እንድትተወው አልፈልግም። «እኔ ነኝ» እላለሁ፤ ያቺ ዝምታ ዛሬም አለች፤ ከዝምታዋ በኋላ ግን «ዛሬ ምን አስተማርሽ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ስልኩ ዛሬም አንገቷ ላይ ነው። ዛሬም አይጠፋም። ማታ ራት ስንበላ ጢ ጢ ሲል እጃችን ትሪው ላይ እንዳለ ሁለታችንም እንቆማለን። ከዚያ ከኪሱ አውጥታ ትሰጠኛለች።

«አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?» ትለኛለች።

«እኔ ነኝ፣ አደይ።»

«እሺ» ትላለች፤ «ጉረሺ እንግዲህ።»